ከጎማው ፊት የተነሣው ድንጋይ

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው በትርጉም ልጀምር። ሦስተኛ ወገን ማለት ምን ማለት ነው? ዛሬ ብትጠይቁኝ የምሰጣችሁ መልስ አምና በመጋቢት ከምሰጣችሁ መልስ ጋር አይገናኝም። ያን ጊዜ መልሴ አንድ መስመር ተኩል ነበር፤ በቃሌ እወጣው ነበር። ዛሬ ግን መልሴ ቁንዝላ የሚኖር፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ድንጋይ ማንሣት የማይከብደው አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። በሁለቱ መልሶች መካከል አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ አለ። የምነግራችሁ እሱን ነው።

ትርንጎ እባላለሁ። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ነገር በመልክ በመልኩ ካልተደረደረ አይዋጥልኝም። ቀይ እስክሪብቶ ለስሕተት፣ አረንጓዴ ለትክክል፣ ሰማያዊ ደግሞ "ቆይ ላስብበት" ለሚባለው ነገር ነው። ማስረዳትም እወዳለሁ። ባልደረቦቼ "ትርንጎ ጋ ጠመኔ ለመዋስ የሚሄድ ሰው ደብተር ይዞ ይሂድ" እያሉ ይቀልዱብኛል።

መኪና ገዛሁ። ከእኔ በአምስት ዓመት የምታንስ ትንሽ ነጭ መኪና ናት። ከዚያ በፊት የነበረኝ ትልቁ ንብረት ቁም ሣጥን ስለነበር ነገሩን በጥንቃቄ ያዝሁት። ቦሎ ለማውጣት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ መሆኑን ስሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ ከክፍል በኋላ ከአንዱ የመድን ድርጅት ወደ ሌላው ስዞር ከረምሁ። አራት ድርጅት ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁትን ሁሉ በሠንጠረዥ አሰፈርሁ። መጨረሻ ላይ የደረስሁበት ቅርንጫፍ የተቀበለኝ ሠራተኛ አቶ ኢብራሂም ይባላል። የወረታ ልጅ ነው፤ ነጋዴ ቤት ስላደገ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ዓይኑን አይቶ ልቡን ያውቃል።

"ምን ዓይነት መድን ነው የምትፈልጊው?" አለኝ።

"ርካሹን።"

"ርካሽ ዓይነት አይደለም፤ ዋጋ ነው። ዓይነቱን ልንገርሽ?"

ሦስቱን ነገረኝ። የመጀመሪያው ሕግ የሚያስገድደው ነው፤ መኪናሽ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ጉዳት ብታደርስ ለዚያ ሰው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ይከፈለዋል። ለራስሽ መኪና ግን ሰባራ መስታወት አይተካልሽም። ሁለተኛው በዚያ ላይ ስርቆትንና ቃጠሎን ይጨምራል። ሦስተኛው ሙሉው ነው፤ የራስሽ መኪና ተጋጭታም ሆነ ተገልብጣ ብትጎዳ ከወጪው አንቺ ትንሽ ድርሻ ትሸፍኚያለሽ፣ የቀረውን ድርጅቱ ያሠራልሻል። ዋጋውም እንደየሽፋኑ ከፍ እያለ ይሄዳል።

"የመጀመሪያው ይበቃኛል" አልሁት።

"መኪናሽ ብትጋጭ ማን ያሠራልሻል?"

"እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"

"ቆማ ብትጋጭስ?"

"ቆማ እንዴት ትጋጫለች?"

ትንሽ አየኝና "ይሁን" አለ። ውሉን ሲሰጠኝ "ቤትሽ ወስደሽ አንብቢው እንጂ" ብሎ አከለበት። እኔም ወስጄ በሚገባ ጠርዙን በሳሁት፤ በማያያዣ አሰርሁት፤ በላስቲክ ሸፍኜ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጥሁት። አላነበብሁትም። "ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ" እያልሁ ተማሪ የምቆጣ ሰው ነኝ እንግዲህ። ይባስ ብዬ በሚቀጥለው ሳምንት የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ መድን ዓይነቶች ገለጻ አደረግሁ። ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጠፍሁላቸው።

አባቴ መሪጌታ ጥበቡ ሠንጠረዡን ቤት ውስጥ ቀድመው አይተውት ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ቅኔና ትርጓሜ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና "ይህን ለማን ነው የምትከፍዪው?" አሉኝ።

"ለሕጉ ነው አባየ።"

"ሕጉ መኪና አለው እንዴ?"

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

አሁን የምጽፈውን በቀዩ እስክሪብቶ እንደ ጻፍሁት ቁጠሩልኝ። መኪናዬ አንድ ጉድለት ነበረባት፤ የእጅ ፍሬኗ አይይዝም። ለዓመታዊ ምርመራው ቀን መካኒኩ አጥብቆልኝ አለፈች፤ ሳምንት ሳይሞላት መልሳ ላላች። እስከ ጫፍ ድረስ ብስበውም ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ላይ ትንፏቀቃለች። ማሠራት ነበረብኝ። ግን እንደ አገሬ ሹፌር ሁሉ ጎማዋን ድንጋይ ማስደገፍ ጀመርሁ። ድንጋይ ነጻ ነው፤ ድንጋይ አይላላም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ አባቴን ይዤ ወደ ቁንዝላ ወረድሁ። ከጣና ሐይቅ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ከታመመ ሰንብቶ ተሽሎት ነበርና ሊጠይቁት ነው። መራዊን አልፈን፣ ዱርቤቴን አልፈን፣ አስፋልቱን ትተን ኮረኮንቹ ላይ ስንነጠር አባቴ መቋሚያቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ይዘው "ቀስ" ይሉኛል። ቀስ ስል ደግሞ "ጥምቀት ይደርስብናል" ይላሉ።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጀልባ ማቆሚያው ደረስን። ተማሪያቸው ቅዳሴ ላይ ስለነበር እዚያው ልንጠብቀው ተስማማን። ቦታው ወደ ሐይቁ ያዘቀዝቃል። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ውኃው አድርጌ አቆምሁ። ማርሽ ውስጥ መተው ነበረብኝ፤ ድንጋዩን ስለማምነው ሳላስገባ ተውኋት። ጠቆር ያለ፣ በአንድ ጎኑ ነጭ ጠባሳ ያለው፣ ላዩ ጠፍጠፍ ያለ ጥሩ ድንጋይ አገኘሁ፤ በሁለት እጄ ተሸክሜ ከፊተኛው ጎማ ፊት አስደገፍሁት። ከዚያ በሥርዓት ሁሉንም በር ቆለፍሁና ውኃ ልገዛ ወደ ሱቅ ሄድሁ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሐይቁን እያዩ ቆመው ነበር።

ሁለት ጠርሙስ ውኃ ይዤ ስመለስ ተቀምጠዋል። ምቹ መቀመጫ አግኝተዋል። ጠቆር ያለ፣ በአንድ ጎኑ ነጭ ጠባሳ ያለው፣ ላዩ ጠፍጠፍ ያለ።

"አባየ" አልሁ፤ ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም፤ "ድንጋዩን ከየት አመጡት?"

"ይህ ደግ ሰው አምጥቶልኝ ነው" አሉ፤ አጠገባቸው ቆሞ እጁን የሚያራግፈውን ሰው እያሳዩኝ። "ቆመው አላይም አለኝ። ከዚያ ነው ያነሣልኝ።"

በመቋሚያቸው ጠቆሙኝ። ወደ ጠቆሙት ቦታ ስዞር መኪናዋ እዚያ አልነበረችም።

ሄዳ አልነበረም፤ እየሄደች ነበር። በሰው ርምጃ፣ ያለ ድምፅ፣ ቸኩላም አይደለም። ውኃዋን ልትጠጣ የምትወርድ ላም ትመስላለች። ጠርሙሶቹን ጥዬ ሮጥሁ። ሰውየውም ሮጠ።

"ፍሬን በዪው! ሹፌሩ ፍሬን ይያዝ!" ይላል።

"ሹፌሩ እኔ ነኝ!"

"ታዲያ ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም!"

በሩን ያዝሁት። ተቆልፏል። በሥርዓት የቆለፍሁት እኔ ነኝ። ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሰውየው ቀድሞኝ ፊቷ ቆሞ በሁለት እጁ ገፋት፤ ተረከዙ አፈሩን እያረሰ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ነው ወደ ኋላው ዘወር ብሎ ያየው። ከውኃው ዳር ወደ ላይ ተስባ የቆመች አንዲት የእንጨት ጀልባ ነበረች። "ኧረ እሷን አይደለም!" ብሎ ጮኸ። ወደ ጎን ተወርውሮ ወጣ።

ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ቀጭን ስንጥቅታ፣ ቀጥሎ የሚሰበር ጣውላ። መኪናዬ ጀልባዋን በጎኗ ሰብራ፣ እየገፋች አብራት ገባችና መብራቶቿ ውኃ ውስጥ ሲደርሱ ቆመች። ከዳር ላይ የነበሩት ወፎች ተነሥተው ሄዱ።

አባቴ ከድንጋዩ አልተነሡም። "የተነካ ሰው አለ?" ብለው ከላይ ጠየቁ።

"የለም አባየ።"

"ተመስገን።"

ሰውየው ወደ ጀልባዋ ሄዶ እጁን በቀዳዳው አስገባ፤ መልሶ አወጣው። ባይህ ይባላል። ጀልባዋ የእሱ ናት፤ ሌላ የለውም። እኔ በድንጋጤ አፌ ተያይዞ "ጥፋቱ..." ብዬ ስጀምር እሱ ቀደመኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው እቴ። ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

"የለም፣ የተቀመጥሁበት እኔ ነኝ" አሉ አባቴ ከላይ።

"የኔታ፣ እርስዎማ በእንግድነት ነው የተቀመጡ! ሰው ቆመው እያየዎት ዝም ቢል ምን ሊባል ነው? ድንጋዩ ደግሞ ለመቀመጫ የተሠራ ይመስላል።"

እንዲህ ሲጨቃጨቁ መረብ ሲጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። የአካባቢው ሰው አያ ዋሴ ይላቸዋል። "ጥፋት የሚሻማ ሰው ዛሬ አየሁ" አሉና ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሁለቱን ሰበሰቧቸው።

እኔ ለአቶ ኢብራሂም ደወልሁ።

"ሰው ተጎድቷል?"

"አልተጎዳም።"

"አልሐምዱሊላህ። አሁን ስሚኝ። ፎቶ አንሺ፤ ትራፊክ ፖሊስ ጥሪ። አትክፈይ፣ ቃል አትግቢ፣ ጥፋቱ የእገሌ ነው በሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የሆነውን ብቻ ተናገሪ፤ ፍርዱን ለእኛ ተይው። ሲነዳ የነበረው ማን ነው?"

"ማንም።"

"ቆማ ነበር?"

"ቆማ ነበር።"

"ቆማ ተጋጨች" አለ። አልሳቀም፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። "የእጅ ፍሬኗስ ይሠራ ነበር?"

"አቶ ኢብራሂም" አልሁት፤ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ አያውቅም።

ስመለስ ሽማግሎቹ ከእኔ ፈጥነው ጨርሰዋል። ወረቀቱ ተጽፎ፣ ተነብቦ፣ ተፈርሟል። "ድንጋዩን ያነሣሁ እኔ ባይህ ስለሆንሁ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ከመሪጌታና ከልጃቸው ጋር ይቅር ተባብለናል። ካሳ አልጠይቅም" ይላል። አባቴና ባይህ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ሽማግሎቹ መረቁ፤ ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔም ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፤ ግን ደስ አለኝ። ወረቀት ነጻ አውጥቶኛል፤ በዚያ ላይ ማኅተም ባይኖረውም ምርቃት አለበት።

ትራፊክ ፖሊሱ በሞተር ሳይክል ደረሰ። ሜትሩን ዘርግቶ፣ ሥዕል ሥሎ፣ ሰውን አንድ በአንድ ጠየቀ።

"የተነሣው ድንጋይ የት ነው ያለው?"

ሁላችንም ወደ አባቴ አየን። ከሽምግልናው በኋላ ተመልሰው ተቀምጠውበታል።

"የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይነሡ" አለ፤ "ማስረጃ ላይ ነው የተቀመጡት።"

መኪናዋን በገመድ ሲያወጡልኝ ገመዱን ከሁሉ ፊት ይዞ የሳበው ባይህ ነበር። ከዚያ ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላን፤ ሳታድሩ አትሄዱም አለን። ባለቤቱ ወደ ሐይቁ ወርዳ ጀልባዋን አይታ ተመልሳ ነበር። ለእኔ የተናገረችኝ "እንኳን እናንተ አልተነካችሁ" የሚል ብቻ ነው። ሰሐኑን ስታቀርብልኝ ግን ባሏን "ከሰኞ ጀምሮስ?" አለችው።

"የአያ ዋሴ ጀልባ ላይ በድርሻ እገባለሁ" አላት። "ከያዝነው ከሦስት እጅ አንዱን ይሰጡኛል።"

የራሱ ጀልባ የነበረው ሰው በእኔ ፍሬን ምክንያት የሰው ጀልባ ቀዛፊ ሊሆን ነው። አራት ልጆች አሉት። የጠቀለልሁትን ሰሐኑ ላይ መለስሁት።

ከምሳ በኋላ ሐይቁ ዳር ወርጄ የመድን ውሉን ከመኪናዋ አወጣሁ። ላስቲኩ ጥሩ ነው፤ የረጠበው የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ከዚያ ለአቶ ኢብራሂም መልሼ ደወልሁ፤ ስለ ወረቀቱ ነገርሁት።

"ጥፋቱ የእሱ ብቻ ከሆነና እሱም ካልጠየቀ እኛ ለማን እንክፈል?" አለ። "ሰውየው ራሱ ማመልከት አለበት። የሆነው ነገርም በትክክል መጻፍ አለበት።"

"ፍሬኑ የማይሠራ ከነበረስ?"

ስለ ኔትወርኩ አላነሣብኝም። "ለእሱ ይከፈለዋል። ሦስተኛ ወገን ስለ ፍሬንሽ ምን አገባው? ከዚያ ግን ወደ አንቺ ልንዞር እንችላለን። መኪናሽን በደንብ መያዝ ያንቺ ግዴታ ነው፤ ውሉ ላይ አለ።"

"አዎ፣ አሁን አየሁት" አልሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የአባቴን ተማሪ ጠይቀን ስንወጣ፣ ባይህንና ሽማግሎቹን ያው ዛፍ ሥር ሰበሰብኋቸው። በደንብ ካስረዳሁት ማንም ይገባዋል የሚል እምነት ነበረኝ። በእንጨት አሸዋው ላይ ሠንጠረዥ ሣልሁ፤ ሦስት ዓምድ፣ አራት ረድፍ። ሽፋን፣ ጣሪያ፣ የጉዳት ግምት። ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ስለ ፍሬኑ ግን ያን ጊዜም አልተናገርሁም፤ ለእሱ ዓምድ አላበጀሁለትም።

"ገባህ ባይህ?"

"ገብቶኛል መምህርት። በደንብ ነው ያስረዳሽኝ" አለ በትሕትና። "እርቅ ግን አላፈርስም።"

"ካሳውን የምትጠይቀው እኮ እኔን አይደለም፤ ድርጅቱን ነው!"

"ድርጅቱ ቁንዝላ መጥቶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ ምን አድርጎኝ ነው ካሳ የምጠይቀው?"

ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ሠንጠረዥ ልሥል እንጨቱን ሳነሣ አባቴ "ውሉን አምጪው" አሉ።

መነጽራቸውን አደረጉ፤ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስገቡ። የመድኑን ውል ልክ ጉባኤ ላይ መጽሐፍ እንደሚያነብቡ ዜማ አስይዘው አነበቡት። "መድን ሰጪው፣ ተሽከርካሪው በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል።" ቀና አሉ። "ንባቡ ይህ ነው። ወደ ትርጓሜው እንግባ። መድን ሰጪው አለ፤ አንደኛው ወገን ነው። መድን ገቢዋ ሁለተኛዋ ወገን ናት፤ ይህች ልጄ። እነዚህ ሁለቱ ሲዋዋሉ ሦስተኛው በቦታው አልነበረም። አልተጠራም፤ አልፈረመም፤ አልከፈለም። ስሙንም የሚያውቀው አልነበረም። ታዲያ ሦስተኛው ማን ነው? አንድም፣ መንገድ የሚሻገር መንገደኛ ነው። አንድም፣ ሌላ ባለ መኪና ነው። አንድም..." መቋሚያቸውን አነሡ፤ "ባይህ ነው።"

ባይህ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ልጄ መጋቢት ላይ ባሕር ዳር ሆና የከፈለችው ለአንተ ነው፤ ሳታውቅህ። እኔ 'ለማን ነው የምትከፍዪው' ብያት 'ለሕጉ' ብላኝ ነበር፤ ተሳስታለች። እንግዲህ ካሳ አትጠይቅም፤ ይቅር ብለሃል፣ ይቅርታህ ይጽና። ነገር ግን በስምህ የተቀመጠ አደራ አለ። ይቅርታና አደራ ይጣላሉ?"

"አይጣሉም የኔታ" አሉ አያ ዋሴ። ጥቂት አሰቡና "ወረቀቱ ግን ጥፋቱ የእሱ ነው ይላል። የራሱን ጥፋት አድርሶ አደራ ይውሰድ?" አሉ።

አባቴ ውሉን አጠፉት፤ ወደ እኔ ዞሩ። ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ አጠገቤ ተቀምጠው የመጡ ሰው ናቸው። በየቆምንበት ድንጋይ ስፈልግ አይተዋል።

"ልጄ፣ የእጅ ፍሬኑ ይይዛል?"

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲህ ጠይቄ ዝም ሲለኝ ምን ያህል ረጅም ጊዜ እንደሚመስለኝ ትዝ አለኝ። ዝም ለሚለው ተማሪ ግን ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። የሦስት ዓመት ደመወዜ ያለባት መኪና ከኋላዬ ገና ሳትደርቅ ቆማለች። ባይህ ደግሞ ከፊቴ፣ ራሱ ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገቱን ደፍቷል።

"አይይዝም አባየ" አልሁ። "ሦስት ሳምንት ሆነው። አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምን ይዟት ነበር?" አሉ አያ ዋሴ።

"ድንጋዩ።"

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ድንጋዩ ሄዱ፤ በእግራቸው ነካ አደረጉት። "ባይህ ያነሣው ድንጋይ ነው" አሉ። "ፍሬን መሆኑን ማን ነገረው?"

መጀመሪያ የሳቀው ባይህ ነው፤ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ አባቴም መቋሚያቸውን ይዘው ሳቁ፤ እኔ እያለቀስሁ ሳቅሁ።

"እርቁ ይጽና፤ ጥፋቱ ይታረም" ብለው ፈረዱ። አዲስ ወረቀት ተጻፈ። በዚህኛው ላይ ጥፋተኛ የሚል ቃል የለም፤ የሆነው ብቻ በየተራው ሰፍሯል። ድንጋዩ የት ነበር፣ ማን አነሣው፣ ስለምን አነሣው፣ ፍሬኑ እንዴት ነበር። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቀለሙ ያላለቀ እስክሪብቶ ቀዩ ብቻ ነበር።

ሰኞ ባይህን ይዤ አቶ ኢብራሂም ዘንድ ቀረብሁ። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ባይህን "አንተ ነህ ሦስተኛው ወገን?" አለው።

"የኔታ እንደዚያ ብለዋል" አለ ባይህ። አቶ ኢብራሂም ያስቀመጠውን ሳቅ ያን ጊዜ ለቀቀው።

ገማች ቁንዝላ ሄዶ ጀልባዋን አየ። ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ሁለት ወር ቆየ፤ ያን ሁለት ወር ባይህ በአያ ዋሴ ጀልባ ላይ በድርሻ ሠራ። በመጨረሻ የእንጨቱም የአናጢውም ተከፈለው። ወደ እኔም ዞሩ፤ እንደተባለው ነው። አንድ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከደመወዜም ለተወሰኑ ወራት ጥቂት ተቆረጠ። የራሴ መኪና ምንም ሽፋን ስላልነበራት ሞተሯ ውኃ ጠጥቶ እስከ መስከረም ጋራዥ ተቀመጠች። ዓባይ ማዶን በእግሬና በባጃጅ አወቅሁት።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ አስተማሪ ነኝና ሳልመክር አልለቅም። ርካሽ ፈልጉ፤ ነውር የለውም። ነገር ግን ከዋጋው በፊት "ይህ ማንን ይሸፍናል? ማንንስ ይተዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የመጀመሪያውን መምረጤ ራሱ ስሕተት አልነበረም፤ አቅሜ እሱ ነበር። ስሕተቴ ምን እንደገዛሁ አለማወቄ ነው። ውሉን አንብቡት፤ ካልገባችሁ ከእኔ ይልቅ እንደ አባቴ ላለ ሰው አስነብቡት። አደጋ ሲደርስ የሆነውን ተናገሩ፤ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ ኔትወርክ አታሳብቡ። የእጅ ፍሬናችሁንም ዛሬ አሠሩት፤ ነገ አይደለም።

በማስተማሬም አንድ ነገር ተለውጧል። ሠንጠረዥ መሣል አልተውሁም፤ መተውም አልችልም። ግን ሰሌዳው ላይ ቁጥር ከመጻፌ በፊት ቁጥሩ የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። የመምህራን ማረፊያው ግድግዳ ላይ የለጠፍሁትን ሠንጠረዥ አንስቼ "ሦስተኛ ወገን" የሚለው ቦታ ላይ የባይህን ስም ጻፍሁበትና መልሼ ሰቀልሁት።

መኪናዋ ከጋራዥ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት አባቴን ይዤ ቁንዝላ ወረድሁ። ፍሬኗ አዲስ ነው። ማርሽ ውስጥ አስገብቼ፣ ፍሬን ስቤ፣ ቆልፌ ወረድሁ፤ ከልማድ የተነሣም ዓይኔ ድንጋይ ይፈልጋል። ባይህ ከታደሰችው ጀልባው ላይ ዘሎ ወደ እኛ ሮጠ። በቀኝ እጁ አንድ፣ በግራ እጁ አንድ ድንጋይ አንጠልጥሏል።

አንደኛውን ከጎማው ፊት አስደገፈው። ሁለተኛውን በእጁ ጠርጎ ከአባቴ እግር አጠገብ አስቀመጠውና "አሁን ይቀመጡ የኔታ" አላቸው። "የእርስዎን ለብቻ አምጥቻለሁ።"